በኦቦ ኢተፋ ቤት ስንት ሰው አለ?

ባለፈው ወር ጉደር አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። ወረፋዬ ደርሶ ጠረጴዛው ፊት ስቆም ጸሐፊዋ የማኅተሙን ቀለም ቆርቆሮ ከፈተች። ያ ሽታ ወጣ፤ ስፒሪቶ የመሰለ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ልጅቷ ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ቀና ሳትል «የቤተሰብ ብዛት?» አለችኝ።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

ቀና አለች። «ምኑ?»

«ቁጥሩ። ለምን እንደሚፈለግ መጀመሪያ ንገሪኝ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ። ልጅቷም ነገረኛ እንደመጣባት አወቀች። አልፈረድኩባትም፤ ነገረኛ ነኝ። ነገረኛ ሆኜ ግን አልተወለድኩም። አምቦ ውስጥ፣ በ2008 በጋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው የሆንኩት።

አባቴ ተሾመ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዓመቱን ሙሉ ወይን ጠጅ ናቸው። እናቴ በሎሚም በአመድም ፈትጋ ስላልለቀቀላት ትታዋለች። ሲያጎርሰኝ ከወጡ ቀድሞ የሚሸተኝ የማኅተሙ ቀለም ነበር። መታወቂያ የሚያወጣ፣ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ሰፈሩ «ኦቦ ተሾመ» ይለዋል። ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው ይባላል፤ በእኛ ሰፈር አፍ ግን ከአቶ ይሞቃል፣ ሰው ወዶ የሚሰጠው ነው።

አባቴ ስለ ሥራው ሲያወራ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ከላይ»። ከላይ ታዘዘ፣ ከላይ ወረደ፣ ከላይ ተከለከለ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የምሄድ ልጅ ነኝ፤ ላይ ማን እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ አባቴ ትእዛዝ የሚቀበለው ከእግዚአብሔር መሆኑን አምኜ በልቤ እኮራ ነበር። ስኳር ጠፍቶ «ከላይ አልተለቀቀም» ባለ ቀን ጸሎታችን አልደረሰም ማለት ነው ብዬ አንድ አባታችን ሆይ ጨምሬ ነው የተኛሁት።

በዚያ በጋ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተማሪ መንገድ ወጣ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ተከፈተ ሲባል ደግሞ ተዘጋ። እናቶች ልጆቻቸውን ግቢ ቆለፉባቸው። የእኔ እናት ደግሞ ሥራ የፈታ ልጅ አትወድም፤ «ኦቦ ኢተፋ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶት ማንበብ አልቻሉም፤ ሄደሽ አንብቢላቸው» አለችኝ።

«ጴንጤ አይደሉም እንዴ?»

«መጽሐፉ ያው ነው። ንባብሽ ይፍታታ።»

ኦቦ ኢተፋ ከሁለት ቤት በኋላ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። የሰፈሩ ግማሽ ቂጥ የእርሳቸውን መርፌ ያውቃል፤ የእኔም። አብራቸው የምትኖረው የሟች ልጃቸው ሚስት አዴ ቦንቱ ናት፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ከደጋዋ ጎጆ ከተማ በጭነት የሚመጣ ድንች ገበያ ትሸጣለች። ቤታቸው ገና በሩ ላይ የእርጥብ አፈር ሽታ ይቀበላል፤ ጓዳው እስከ ጣራው ድንች ነው። ሽማግሌው በረንዳ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ እኔ ዱካ ላይ ሆኜ ያንን ትልቅ መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ።

ለምን የኦሮምኛውን እንደማያስነብቡኝ ጠይቄአቸው ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በኦሮምኛ እጸልያለሁ። ክርክር ሲሆን ግን እኔ ወጣት ሳለሁ ፍርድ ቤቱም ቢሮውም አማርኛ ነበረ። ከትልቅ ባለሥልጣን ጋር በአማርኛ ነው መከራከር የለመድኩት።»

በእውነትም ይከራከራሉ። እያነበብኩ ሳለ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መትተው «ቁሚ!» ይላሉ። ፈርዖን ልቡን አደነደነ፣ የግብጽ የበኩር ልጅ ሁሉ ሞተ የሚለው ጋ ስንደርስ ግማሽ ቀን አቆሙኝ። «ፈርዖን አጠፋ፤ እሺ። ወፍጮ ስትፈጭ የምትውለው ገረድ ልጅዋ ምን አደረገ?»

«ግብጻዊ ስለሆነ ነዋ» አልኩ፣ መልሱን ያወቅሁ መስሎኝ።

«አንቺስ የየት አገር ሰው ነሽ?»

«የአምቦ።»

«እንግዲህ የአምቦ ሹም ባጠፋ ቁጥር አንቺን እንቆንጥጥሽ?»

ከጓሮ ሳቅ ተሰማ፤ የልጅ ልጃቸው ገመቺስ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ግቢያቸው ተረብሾ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከጓሮ አይወጣም፤ ድንች ፍም ውስጥ ቀብሮ እየጠበሰ ይውላል። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። የማነብበት ዜማ የቄስ ነው እያለ «ቄስ ሰናይት» ይለኛል። ሻይ ሲጠጣ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፤ አዴ ቦንቱ ታዲያ ስኳር ከወርቅ በተወደደበት ወቅት ይህን ልጅ የሰጠኝ አምላክ ያውቃል እያለች ታማርራለች። በሰፈሩ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ የምወደው ሰው አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እያነበብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነበር፤ ትልቁን መዝገብ በብብቱ ይዟል። አብሮት የቆዳ ጃኬት የለበሰ የማላውቀው ሰው አለ። አባቴ እኔን ሲያይ ደነገጠ። ወዲያው ግን ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ኦቦ ኢተፋ፣ አካም ኦልታን» አለ፤ እንዴት ዋሉ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ደኅና» አሉ እርሳቸው።

«እኚህ ከላይ ነው የመጡት። ቤተሰብ እየመዘገብን ነው።»

ከላይ የመጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጃኬት ለባሹን በደንብ አየሁት። ጫማው አቧራ ጠጥቷል፣ አፉ ውስጥ ስንጥር አለ። ትንሽ ቅር አለኝ።

«ስንት ናችሁ?» አለ አባቴ።

«እኔና ቦንቱ። ሁለት።»

አባቴ መዝገቡን ክንዱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ከታች ሆኜ አየሁት፤ ሁለት ቁጥር ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ያን ጊዜ ስኳርና ዘይት በቀበሌ የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነበር። መዝገብ ማለት ለእኔ ስኳር ነው፤ ሌላ መዝገብ በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም። ሁለት ተብሎ ከተጻፈ የሁለት ሰው ስኳር ይሰጣቸዋል፤ የገመቺስ አራት ማንኪያ ከየት ይመጣል? ሽማግሌው አርጅተው ነው፣ አባቴም ደክሞት ነው የረሱት አልኩ። ደግ ነገር ለመሥራት እንዲህ ተቻኩዬ አላውቅም።

«አባዬ፣ ገመቺስን ረሳኸው! ሦስት ናቸው።»

አዴ ቦንቱ የምታጥበው ድንች ከእጇ ወደቀ። አባቴ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ፤ ወደ እኔ አላየም። ጃኬት ለባሹ ስንጥሩን ከአፉ አወጣና ጎንበስ ብሎ፣ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ፣ «ገመቺስ ማነው?» አለኝ።

«የልጅ ልጃቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። ዛሬ ብቻ ነው የወጣው፤ ሑሉቃ ወንዝ ወርዶ ልብሱን እያጠበ ነው።» ያልተጠየቅሁትንም ነገርኩት።

«ጎበዝ ልጅ» አለኝ። ከዚያ አባቴን አየው። አባቴ ሁለቷን ሰርዞ ሦስት ጻፈ።

ገመቺስን ከወንዙ ዳር ወሰዱት። ያጠበው ልብስ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ስለነበር አዴ ቦንቱ ሄዳ ሰበሰበችው። ውኃው እየተንጠባጠበ በበራችን ስታልፍ አየኋት። ከዚያ ቀደም ብሎ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቤት ሲመልሰኝ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። በራችን ላይ ሲደርስ ብቻ «ዛሬ የተናገርሽውን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለእናትሽም ቢሆን» አለኝ።

«ስኳሩስ?»

ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «የስኳር አይደለም፣ ሰናይት» አለ።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ጸሐፊው ነው የጻፈው፣ ጸሐፊው ነው ያስያዘው። አባቴ አላስተባበለም። የሱቁ ሰውዬ መጀመሪያ «አቶ ተሾመ» አለው፤ ቀጥሎ «ተሾመ» አለው፤ በሳምንቱ ስሙን መጥራት ትቶ መልሱን ባንኮኒው ላይ ይገፋለት ጀመር። ኦቦ የሚለው ጠፋ። እናቴ ከእድር ቶሎ ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች። ልጆች በአጥር ቀዳዳ «የመንግሥት ልጅ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን ሆይ ስል አንዲቷን ሐረግ መዝለል ጀመርኩ። «መንግሥትህ ትምጣ» የምትለዋን። መንግሥት መጥቶ ያደረገውን አይቻለሁ፤ ድጋሚ ና አልለውም።

አባቴ ግን «ልጄ ናት የተናገረችው» ቢል ይገላገል ነበር። እራት ላይ አየዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔም አብሬው አንገቴን እደፋለሁ። ወደ ኦቦ ኢተፋ ቤት መሄድ ትቼ ሆዴን ያመኛል አልኩ።

በአሥረኛው ቀን አዴ ቦንቱ በራችን ላይ ቆመች። ግቢ ብትባል አልገባችም። እኔን ሳታይ ለእናቴ «አባባ አንባቢዬን ላኩልኝ ብለዋል» አለች።

ሄድኩ። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ናቸው፤ ዱካዬም በቦታዋ ናት። የሐሙሱን ነገር ሳያነሱ «ሁለተኛ ሳሙኤል፣ የመጨረሻው ምዕራፍ» አሉኝ።

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቁጠሩ ብሎ የሚያዝበት ታሪክ ነው። መጀመሪያው ላይ ዳዊትን ለዚህ ያነሣሣው እግዚአብሔር ነው ይላል። አምልጦኝ «ከላይ ነዋ!» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ስለ አባቴ ከላይ ነገርኳቸው፤ ስለ ኩራቴም፣ ስለ ጃኬት ለባሹ አቧራም። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ። «እስቲ አንደኛ ዜና መዋዕል ሃያ አንድን አውጪ» አሉ።

አወጣሁ። ያው ታሪክ ነው፤ ያው ንጉሥ፣ ያው ቆጠራ። እዚህ ግን ዳዊትን ያነሣሣው ሰይጣን ነው ይላል።

«አየሽ? አንድ ትእዛዝ ነው። አንዱ ጸሐፊ ከእግዚአብሔር ነው አለ፤ ሌላው ከሰይጣን። ከላይ የሚሉት ነገር አድራሻ የለውም፣ ኢንተላ ኮ። አንብቢ።»

አነበብኩ። በቆጠራው የተነሣ መቅሰፍት ወርዶ ሰባ ሺህ ሰው ሞተ። ዱላው ወለሉን መታ።

«ማን አዘዘ?»

«ዳዊት።»

«ማን ቆጠረ?»

«የጦር አለቃው። ኢዮአብ።»

«ማን ሞተ?»

«ሌላው ሰው» አልኩ። «ሕዝቡ ግን ምን አጥፍቶ ነው?»

«ሃምሳ ዓመት ጠይቄአለሁ። አይገባቸውም ነበር፤ ይኼን ፊቱ ስቆምም እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ቆጣሪዎቹ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ከኢዮአብ በቀር ‹ለምንድን ነው?› ያለ አንድ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።» በዱላቸው ወደ መጽሐፉ ጠቆሙ። «እስቲ ቁጥር ስድስትን።»

ቁጥር ስድስት አጭር ናት። ኢዮአብ የንጉሡ ትእዛዝ አስጸይፎት ሁለት ነገዶችን ሳይቆጥር ተዋቸው ትላለች፤ ሌዊንና ብንያምን።

«ድገሚያት።»

ደገምኳት።

«የገመቺስን መታወቂያ ባለፈው ክረምት ያወጣለት ማን መሰለሽ? አባትሽ ነው። ፎቶውን በእጁ ነው የለጠፈው። ሁለት ብሎ ሲጽፍ ረስቶ ነው?»

ያኔ ገባኝ። አባቴ ቆጥሮ ነው የተወው፤ እኔ ነኝ ያስቆጠርኩት። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ እንባዬ ገጹ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዙሬ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት።»

አይደለሽም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ትልቅ ሰው ለሚያለቅስ ልጅ እንዲያ ነው የሚለው።

«አዎ፣ አንቺም አለሽበት» አሉ። «አባትሽም አለበት፤ መዝገቡን ይዞ በሬ ላይ የቆመው እርሱ ነው። እኔም አለሁበት፤ ልጅ ናት ብዬ ሳልነግርሽ ተውኩ። የሚበልጠው ጥፋት ያዛዡ ነው። እርሱ ደግሞ እዚህ የለም። ስለዚህ እዚህ ያለነው እንሥራ።»

ሥራው ምን እንደሆነ ነገሩኝ። ፖሊስ ጣቢያ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ከመጣ ልጁን እንለቀዋለን ብለዋል። አዴ ቦንቱ አስተማሪም የቢሮ ሰውም ለምና ሁሉም ምክንያት አግኝቷል። ዋስ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ንጉሡ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አሉኝ።

ፈልጌ አነበብኩላቸው። ያጠፋሁ እኔ ነኝ፣ እነዚህ በጎች ምን አደረጉ፣ ቅጣቱ በእኔና በቤቴ ላይ ይሁን ይላል።

«ዋስ ማለት ይኼ ነው። የሌላው ነገር በእኔ ይሁን ማለት። ንጉሥ እንዲህ ሲል የሰማሁት በመጽሐፍ ብቻ ነው፤ ጸሐፊ ግን ሊል ይችል ይሆናል። እኔ አባትሽን ብጠይቀው ፍርድ የፈረድኩበት ይመስለዋል። አንቺ ጠይቂው።»

ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ አባቴ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን በሎሚ ይፈትጋል። ድሮ እናቴ ናት የምትፈትግለት፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን በየቀኑ ራሱ ይፈትግ ነበር።

«አባዬ፣ ለገመቺስ ዋስ ሁነው።»

ቀና አላለም። «መጀመሪያ ሁለት ብዬ መጻፌን ያ ሰውዬ አይቷል። አሁን ዋስ ብሆን ለካ አውቀህ ነው ይሉኛል።»

«አውቀህ አልነበር እንዴ?»

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምኑን ነው ያወቀው?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ስኳሩን፣ ሦስት ናቸው ማለቴን፣ ጎበዝ መባሌን። ጥፊ ጠበቅሁ። እርሷ ግን አባቴን ነበር የምታየው። «አሥር ቀን ሙሉ ሰፈሩ ሲተፋብህ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?»

«ልጅ ናት» አለ አባቴ።

እናቴ እጇን ጠረገች። ጓዳ ገብታ የዓመት በዓል ኮቱን አወጣችና ወንበር ላይ ሰቀለችው። «ጠዋት ይኼን ልበስ» አለች፤ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

ዋስ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤውን አባቴ ራሱ ጻፈው፤ አለቃው ግን ለመፈረም ሦስት ቀን አመላለሱት። በአራተኛው ቀን «የራስህ ጉዳይ ነው» ብለው ፈረሙ። ጣቢያ ስንሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ነገሩ የአንቺም ነው ብሎ። ፖሊሱ ወረቀቱን አገላብጦ «ከታሳሪው ጋር ምን ዝምድና አለህ?» አለው።

«ዝምድና የለኝም። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ እስክሪብቶ ሰጠው። ከዚያ የት ላይ እንደሚፈርም በጣቱ አሳየው። ስንት ሺህ ወረቀት ላይ ማኅተም የመታው አባቴ ያን ቀን ያለ ማኅተም ስሙን ብቻ ጻፈ። በመጋቢት ወደ ጎጆ ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ያንን ብርድ ለብሶ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ይዞ ይመጣልን ጀመር። ማን አዛወረህ ሲሉት «ከላይ ነው» ይላል እየሳቀ። እኔ ከዚያ ወዲያ ከላይ ሲባል ወደ ሰማይ አላየሁም።

በተፈረመለት ቀን ገመቺስ ከጣቢያው ሲወጣ ራሱን ተላጭቷል፣ የወንዙን ቀን ሸሚዝ ለብሷል። በዋናው መንገድ ሦስታችን በእግር ተመለስን። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ያየናል። ከጎኑ ሆኜ «ገመቺስ፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ለስኳሩ ብዬ ነው» አልኩት።

ትንሽ ተራመደ። «ስንት ማንኪያ አስበሽልኝ ነበር?»

«አራት።»

«እዚያ ቤት የሚሰጡት ሻይ አንድም የለውም፣ ቄስ ሰናይት» አለ። ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩን ነከሰ፤ እጄን ግን ያዘኝ።

ኦቦ ኢተፋ በራቸው ላይ በዱላቸው ቆመዋል፤ አዴ ቦንቱ ከጎናቸው ናት። ጎረቤቱ በየደጁ ነው። ኮቴያችንን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ስንት ናችሁ?» አሉ።

አባቴ ወይን ጠጅ ጣቶቹን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሰው ቆጥሬ አላውቅም ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ገመቺስን፣ አባቴን፣ ራሴን። «ሦስት ነን» አልኩ።

«ተሳሳትሽ!» አሉ ሽማግሌው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔንና ቦንቱን ረሳሽን። አምስት ነን።» እጃቸውን በአየር ላይ እየዳሰሱ የአባቴን እጅ ፈልገው ያዙ። «ኦቦ ተሾመ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ።»